ማሳሰቢያ፦ አሮጌ የስፖርት መኪና በቤታችሁ ለምታሻሽሉ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በረዶው ሲጥል አሮጌ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ጋራዡ ውስጥ ይከትታል። ከእኛም ሰው መካከል ይህ ፍቅር የያዘው አለ። ለቤት ውስጥ ሥራ ከሚመቹት መኪኖች አንዱ ኤምጂቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል፤ አብዛኛውም የተላከው ወደ አሜሪካ ነበር። 1.8 ሊትር ሞተሩ ውስብስብ አይደለም፤ መለዋወጫውም ዛሬ ድረስ ይገኛል።

ሥራው በግል ጋራዥ ቢሠራም መኪናው የሚሄደው በሕዝብ መንገድ ላይ ነው። በቨርጂኒያ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ መኪና የ«አንቲክ» ታርጋ ካወጣ ከየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ነፃ ይሆናል። ያን ጊዜ መርማሪው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

ሊደረጉ የሚገባቸው

1. ከጉልበት በፊት ፍሬን ያስቀድሙ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው ካርቡሬተር ለመቀየር ወይም ትልቅ ሞተር ለመግጠም ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ባለ 3.5 ሊትር ቪ8 ሞተር ሲገጥም የፊት ፍሬኑን ዲስክ አወፍሮ ነው። የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፤ ዕድሜያቸው ካልታወቀ ሁሉንም ይቀይሯቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ዶት 4 ባለበት ላይ ዶት 5 አይቀላቅሉ።

2. የጎማውን ዕድሜ ያንብቡ። በጎማው ጎን ካለው የዶት ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2318 ቢል እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ባያልቅም አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ ያስወግዱ።

3. መኪናውን በክሪክ ካነሱ በኋላ በብረት ስታንድ ይደግፉ። ስታንዱ ከፊት በመስቀለኛው ብረት፣ ከኋላ በአክሰሉ ሥር ይቁም፤ የዛገ ወለል ክብደት አይችልም። ብሎኬት ሳይታሰብ ስለሚፈረካከስ ለድጋፍ አይሆንም። ሥር ከመግባትዎ በፊት መኪናውን በእጅዎ ገፍተው ይሞክሩት፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰውም መግባትዎን ይወቅ።

4. ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ አጥብቀው ይመርምሩ። ኤምጂቢ ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ጣሪያ በሌለው መኪና ደግሞ ክብደቱን የሚሸከመው ይኸው ላሜራ ነው። መኪናው ሲነሳ በሩ አልከፈት ካለ ላሜራው በስብሷል ማለት ነው። ቆርጠው ከማውጣትዎ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ያስይዙ፤ አለዚያ ቦዲው ይጣመማል። ብየዳ የማይችሉ ከሆነ ይህን ሥራ ለባለሙያ ይስጡ።

5. ኤሌክትሪኩን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ይንቀሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 በተሠሩት ላይ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ይህን ሳያጣሩ የገጠሙት አዲስ ሬዲዮ ይቃጠላል። ለሚጨምሩት መብራት ሁሉ የራሱን ፊውዝና ሪሌይ ያድርጉለት።

6. የፈቱትን ኦርጅናል ዕቃ ስም ጽፈው ያስቀምጡ። መኪናው ከእርስዎ በኋላም ባለቤት ይኖረዋል። ያሻሻሉት ነገር ተመልሶ ሊነቀል የሚችል ቢሆን ይመረጣል።

7. የተቃጠለ ዘይት በክዳን ዕቃ ሰብስበው ለሚቀበል መለዋወጫ መደብር ወይም ለካውንቲው ማሰባሰቢያ ያስረክቡ። የአንድ ጊዜ ቅያሪ ዘይት ብዙ የመጠጥ ውኃ ይበክላል። የራዲያተር ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ወይም ውሻ ቢቀምሰው ሊገድል ይችላል። ጠብታው እንኳ መሬት ላይ አይቅር።

ፈጽሞ የማይደረጉ

1. በጋራዥ ውስጥ ሞተር አያስነሱ፤ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ። በአገራችን በተዘጋ ቤት የተቀጣጠለ ከሰል ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ እናውቃለን፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፤ ከቤቱ ጋር ከተያያዘ ጋራዥ ወደ መኝታ ቤት ያልፋል። መኪናውን ወደ ውጭ ይግፉት፤ ቤት ውስጥም ማንቂያ ይስቀሉ።

2. ነበልባል ባለበት አጠገብ ቤንዚን አይቅዱ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተስቦ የውኃ ማሞቂያው ወይም የጋዝ ምድጃው እሳት ዘንድ ይደርሳል። ባዶ የነዳጅ ታንክም በተን የተሞላ ስለሆነ በአጠገቡ አይበይዱ። የእሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ይሁን።

3. የፍሬን ሸራን ወይም የፍሪሲዮንን አቧራ በአየር አይንፉ። በአሮጌ መኪና ላይ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በውኃ አርጥበው ይጥረጉት።

4. ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ያጠቡትን ብረት አይበይዱ። በሙቀቱ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጠራል።

5. ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ አይርጩ። በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ለዕድሜ ልክ አስም ይዳርጋል፤ ተራ ማስክም አያግደውም።

6. ዝገትን በስቱኮ አይሸፍኑ። መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው ከነልጆቹ ይሳፈርበታል።

7. ጎረቤት ሲተኛ ላሜራ አይቁረጡ፤ አይቀጥቅጡም። የመኖሪያ ማኅበር ወይም አከራይ ካለ መኪናው ከመፈታቱ በፊት ደንቡን ይጠይቁ።

ከጋራዥ ሲወጣ

በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የተበተነው ጨው በዝናብ እስኪታጠብ ይታገሡ፤ የለፉበትን ላሜራ መልሶ የሚበላው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ በዝግታ ነድተው ፍሬኑን ደጋግመው ይፈትኑ። ከዚያ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፤ የሚፈስ ነገር መኖሩንም ይዩ። በመጨረሻ ሥራውን ያልሠራ ሌላ መካኒክ ከሥር እስከ ላይ ይመልከተው፤ የገዛ እጅ ሥራ ጉድለት ለራስ አይታይምና።

መኪናው ለመንዳት መድረሱን የሚወስነው ቀጠሮ ወይም ጥሩ ፀሐይ ሊሆን አይገባም። ፍሬኑ ካላስተማመነዎት ጋራዥ ውስጥ ይቆይ። መንገዱ የሁላችንም ነው፤ እባክዎ ለእግረኛው ሲሉ አይቸኩሉ።