«ለምጽ» እና «ቆማጣ»፦ የሁለት ቃላት ትርጉምና አጠቃቀም



በቅዱስ ወንጌል ስለ ለምጻሞች መንጻት ሲነበብ አብዛኞቻችን በአሳባችን የምንስለው ጣቶቹ የተቆረጡበትን ሰው ነው። ነገር ግን «ለምጽ» እና «ቆማጣ» አንድ አይደሉም። ሁለቱ ሲደባለቁ ንባቡ ይዛባል፤ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ትርጉማቸውን በየተራ እንመልከት።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እና 14 የሚገኘው የዕብራይስጥ ቃል «ጻራዓት» ነው። ይህም የአንድ በሽታ ስም ብቻ አይደለም፤ በቆዳ ላይ የሚወጣን ነጭ ምልክት፥ በልብስ ላይ የሚታይን ብልሽት፥ በቤት ግድግዳ ላይ የሚወጣን እድፍ ሁሉ ያጠቃልላል። ካህኑ የሚመረምረው ሊፈውስ ሳይሆን፥ ሰውየው ወደ ማኅበሩ ለመግባት ንጹሕ መሆኑን ለመለየት ነበር። ነጩ ምልክት መላ ሰውነቱን ከሸፈነው ንጹሕ ነው መባሉ (ዘሌ. 13፥12-13) ይህን ያስረዳል። የሰባው ሊቃናት ትርጉም ቃሉን በግሪክኛ «ሌፕራ» ብሎታል፤ የቆዳን መቀረፍ ያመለክታል። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ግን ዛሬ የሥጋ ደዌ የምንለውን በሽታ «ኤሌፋንቲያሲስ» በሚል ሌላ ስም ይጠሩት ነበር።

በዛሬው አማርኛም ለምጽ ስንል የቆዳን መንጣት ማለታችን ነው። «ቆማጣ» ግን የጣቶቹ ጫፍ ያለቀበት ማለት ነው። ይህ ቃል ጉዳቱን ብቻ ያነሣና የሰውየው ስም ያደርገዋል። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ተረት የቃሉን አገልግሎት ይመሰክራል፤ የተነገረው ሰውን ከማዕድ ለማራቅ ነውና።

የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው። ስለዚህ በሽታው እርግማንም የዘር ውርስም አይደለም። ተሕዋሱ ነርቭን ስለሚጎዳ እጅና እግር ሕመም አይሰማቸውም፤ ሳይታወቅ የሚደርሰው ቃጠሎና ቁስል ነው ጣትን የሚያሳጣው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ ካሳሰበ ወዲህ በሽታው በሚገባ ይድናል። የጠፋ ጣት ግን አይመለስም፤ ስለዚህ የዳነው ሰው ሕመሙ ከለቀቀው በኋላም በዚያው ስም ይጠራል።

ጌታችን ግን ለምጻሙን ሳይነጻ አስቀድሞ ዳሰሰው (ማር. 1፥41)። ሕጉ ከሰፈር ውጭ እንዲኖር ያዘዘውን ሰው (ዘሌ. 13፥46) እጁን ዘርግቶ አቀረበው። በቢታንያም ለምጻሙ በተባለው በስምዖን ቤት በማዕድ ተቀመጠ (ማር. 14፥3)። ተረቱ ከማዕድ የሚከለክለውን ሰው ጌታ ራሱ እንግዳው ሆነ።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ዐሥሩ ለምጻሞች (ሉቃ. 17፥11-19) ስታስተምሩ ሦስት ነገር እንድትጠብቁ እናሳስባለን። አንደኛ፥ የመጽሐፉን ለምጽ ከሥጋ ደዌ ለዩ። ሁለተኛ፥ በሽታውን የኃጢአት ቅጣት አድርጋችሁ አታቅርቡ። ሦስተኛ፥ የታመመውን «የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ» በሉት፤ የዳነውንም በክርስትና ስሙ ጥሩት። ከሁሉም በላይ፥ ቃሉን አርመን መሶቡን ብናርቅ ምን ይጠቅመናል? በሰበካችን ዝክርና ማኅበር ሲኖር እርሱም እንደ ሌላው ይጠራ፤ ከአንድ ገበታም ይቍረስ።