ከቡታጋዝ ምድጃ የሚጀመር እኩልታ

ኬሚካዊ እኩልታ ማመጣጠንን ብዙ ጊዜ የሚያስጀምሩን በውኃ ነው። የእኔ ምክር ግን ከቡታጋዝ ምድጃ ጀምሩ ነው። የውኃው ቀላል ስለሆነ በግምትም ይወጣል፤ ግምት የለመደ ተማሪ ደግሞ ፈተና ላይ ይቸገራል።

መጀመሪያ የሚገባውንና የሚወጣውን በቃላት ጻፉ። ሲሊንደሩ ውስጥ ካሉት ጋዞች አንዱ ቡቴን ነው፤ አንዱ ሞለኪውል 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። ከአየር የሚገባው ኦክስጅን አተሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ነው። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥቀርሻ ካለበሰው ኦክስጅን አንሶታል፤ ያ ሌላ እኩልታ ነው።

ከዚያ ካርቦኑን፣ ቀጥሎ ሃይድሮጅኑን አስተካክሉ፦ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 5 ውኃ። ኦክስጅንን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ብቻውን ስለሚገባ የሌላውን ሒሳብ አያበላሽም።

አሁን በውጤቱ በኩል ያለውን ኦክስጅን ቁጠሩ። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 8፣ ከውኃው 5፣ በድምሩ 13። ጎዶሎ! ጥንድ ጥንድ ከሚመጣ ነገር 13 አይገኝም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ እጁ ከግርጌ ወደተጻፈችው ትንሿ ቁጥር ይሄዳል። እባካችሁ አትንኳት። የነገሩን ማንነት የያዘችው እሷ ናት። ውኃ 2 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅኑን 2 ካደረጋችሁት ከፋርማሲ ለቁስል ማጽጃ የሚገዛውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጻፋችሁ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሒሳቡ በ9 ጥንድ ኦክስጅን ልክ ይገጥምና ያታልላችኋል። ምድጃችሁ ግን ፐሮክሳይድ አያወጣም።

ስለዚህ ቀመሩ አንዴ በትክክል ከተጻፈ ተቆልፏል በሉ። የሚቀያየረው ከፊቱ የሚቀመጠው ቁጥር ብቻ ነው። 13ን ለ2 አካፍሉና 6.5 ብላችሁ ሳትፈሩ ጻፉ። እኔ ይህን ግማሽ እወደዋለሁ፤ መንገድ ያሳጥራል። ቀጥሎ ሁሉንም በ2 አባዙ፤ ሁሉንም! ኦክስጅኑን ብቻ አባዝቶ ቡቴኑን 1 አድርጎ መተው ሁለተኛው ወጥመድ ነው። 2 ቡቴን ከ13 ኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውኃ ይሰጣል። በሁለቱም ወገን 8 ካርቦን፣ 20 ሃይድሮጅንና 26 ኦክስጅን መኖሩን ቁጠሩ።

ይህ የመቃጠል አፀግብሮት ነው። ሌሎቹንም ዓይነቶች እዚያው ቤት ውስጥ ፈልጉ። ብረት እርጥበት አግኝቶ ሲዝግ ውህደት ነው፤ ውኃውን ትተን ስንጽፈው 4 ብረትና 3 ኦክስጅን 2 ብረት ኦክሳይድ ይሆናሉ። ቤኪንግ ሶዳ በሙቀት ወደ ሶዲየም ካርቦኔት፣ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ ፍርሰት ነው፤ ከፊቱ 2 ማስቀመጥ አትርሱ።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በአቾቶ ስታጥቡ ደግሞ ሁለት ዓይነት አፀግብሮት ተከታትሎ ይካሄዳል። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አንዱ 2 አሴቲክ አሲድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ድርብ መተካካት ሆኖ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠራል፤ እሱም ወዲያው ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ቅርፊቱ ላይ የሚንቸከቸከው አረፋ ይህ ጋዝ ነው። በረኪና ግን በጭራሽ አትጨምሩበት፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ለመለማመጃ ፕሮፔንን ውሰዱ፤ 3 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን አለው። ከፊቱ 5 የተጻፈበት ኦክስጅን ካልወጣላችሁ ውኃውን እንደገና ቁጠሩ።