የማርሚታው ጩኸት ስንት ያወጣል?

ያገለገለ ሞተር ብስክሌት በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። «ማርሚታው ተቀይሯል፣ ካርቡራተሩም ተስተካክሏል፤ ጉልበቱ ሌላ ነው» ይባላል። ሻጩ ይህን ተናግሮ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ያጓራል፤ ገዢውም በጩኸቱ ልክ ዋጋ ይጨምራል። ለመሆኑ ማርሚታ መቀየርና የነዳጅ ልክ ማስተካከል በእርግጥ ጉልበት ይጨምራል ወይ? የሚጨምር ከሆነስ ምን ያህል፣ ለየትኛው ሥራና የት አገር? ጥያቄው የመካኒኩ ብቻ አይደለም። አሥር ሞተር ገዝቶ ለዕቃ ማድረሻ ያሰማራውን ባለሀብት፣ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ቆላ ወስዶ የሚሸጠውን ነጋዴና በመካከል ቆሞ የሚያስማማውን ደላላ ሁሉ ይመለከታል።

ነገሩን ከአየሩ እንጀምር። 1 ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ከፍተኛ ጉልበት ሲፈለግ ቤንዚኑ በዛ ይልና ለ1 ኪሎ ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ይሰጠዋል፤ ቁጠባ ሲፈለግ ደግሞ አየሩ እስከ 15 እና 16 ኪሎ ይወጣል። ከዚህ ክልል ወጣ ባለ ቁጥር ወይ ቤንዚን በጭስ ይባክናል፣ ወይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። በየጋራዡ «ቤንዚን በዝቶበታል»፣ «አየር በዝቶበታል» የሚባለው ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አንድ ሊትር አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አንድ ሊትር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ክብደት ያንሰዋል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ 10 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር እዚህ 8 ቢያወጣ ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም ማርሚታ አይሞላውም። ነገር ግን ከዚህ የባሰ ሌላ ጣጣ አለ። ካርቡራተር የሚለካው የአየሩን ፍጥነት እንጂ ክብደቱን አይደለም። በመሆኑም አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ከሚገባው 12 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ያፈሳል። ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ዳገት ላይ የሚያንቀው፣ ነዳጅ የሚበላው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን የደላላውን አባባል በዚህ ዓይን እንየው። ክፍት ማርሚታ፣ በተለይም ከክፍት የአየር ፊልትሮ ጋር ሲገጠም፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከፍ ያደርገዋል። ቤንዚን የበዛበት የአዲስ አበባ ሞተር ላይ ይህ ሲሆን ቅልቅሉ ወደ ትክክለኛው ልክ ይጠጋል፤ ባለቤቱም «ነፍስ ዘራ» ይላል። ምስጋናውን ማርሚታው ይወስደዋል። ይሁንና አብዛኛውን ለውጥ አንዲት ትንሽ የናስ ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባት የተለካች ቀዳዳ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ ብላ ብትቀየር ባመጣችው ነበር። የጄቷና የማርሚታው ዋጋ ደግሞ የሚወዳደር አይደለም።

ይህ ማለት ማርሚታ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሁለት ምት በሚባሉት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥሉት ሞተሮች ላይ እንዲያውም የጉልበቱ ግማሽ ምሥጢር እሱ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ቾፓው በምትባል ከተማ የነበረው የኤም ዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ ቫልተር ካደን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዚህ ላይ ሠርቶ ዓለምን አስደነቀ። ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ ስለሌለው ያልተቃጠለው ቅልቅል ከጭሱ ጋር አብሮ ያመልጣል። ካደን ማርሚታውን መጀመሪያ እየሰፋ፣ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ አድርጎ አበጀው። የጭሱ የግፊት ሞገድ ሲሰፋ ሲሊንደሩን ይስባል፤ የጠበበው ጫፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣና ሊያመልጥ የነበረውን ቅልቅል ቀዳዳው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በ1961 የኤም ዜድ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ በሊትር ሲሰላ 200 ማለት ነው።

ለንግድ ሰው የሚጥመው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ከስዊድን ውድድር በኋላ ከድቶ ወደ ምዕራብ ተሻገረና ዕውቀቱን ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ገባ። በ1962 ዴግነር በሱዙኪ ሞተር የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ለሱዙኪም የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነት ነበር። ድሀው ኤም ዜድ የደከመበትን ሀብታሙ ሱዙኪ አጨደው። የቆርቆሮ ቱቦ ቅርጽ ይህን ያህል ዋጋ ካለው፣ እንዲህ ያለውን ማርሚታ በመጋዝ ቆርጦ በያጅ ማስበየድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ ሁለት ምት ሞተር ጉልበቱ ከወረደ ከመቁረጥ በፊት ማርሚታው ውስጥ የተጋገረውን ጥቀርሻ ማስጠረግ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የጠፋው ጉልበት እዚያው ውስጥ ነው።

በከተማችን የሚበዙት ግን አራት ምቶቹ ናቸው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለታዳጊ አገሮች ገበያ ብሎ ያወጣው ሲጂ 125 እና በእሱ አምሳል ቻይና ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። በእነዚህ ላይ ማርሚታ ብቻ መቀየር የሚጨምረው ጉልበት ጥቂት በመቶ ነው፤ ያውም በከፍተኛ ዙር ላይ። ቱቦው ሲያጥርና ሲሰፋ ጥቅሙ ወደ ላይኛው ዙር ይሸሻል፤ ታች፣ ማለትም ሞተሩ ጭነት ይዞ ከቆመበት በሚነሳበት ዙር፣ እንዲያውም ይቀንሳል። «ሞተር የጭስ መታፈን ይወዳል» የሚል ወሬ አለ፤ ትክክል አይደለም። የሚወደው ጭሱ በፍጥነት እንዲወጣ የሚያደርግ ልከኛ ስፋት ነው። ለእሽቅድምድም የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልውውጥ በደስታ ይቀበላል፤ ሁለት ካርቶን ጭኖ ቀበናን ለሚወጣ ግን ኪሳራ ነው። ለእሱ የሚሻለው የፊት ፒኞኑን በአንድ ጥርስ ማሳነስ ነው። 15 ጥርስ የነበረው 14 ሲሆን ጎማው ላይ የሚደርሰው የመሳብ ኃይል በ7 በመቶ ያድጋል፤ የሚጠፋው የላይኛው ፍጥነት ብቻ ነው። በከተማ ውስጥ ማን ይፈልገዋል?

የካርቡራተሩ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ጥበቡ የተሰወረ አይደለም። የነዳጅ እጀታው እስከ ሩብ ድረስ ሲከፈት የሚሠሩት የሚኒሞው ጄትና የቅልቅሉ ብሎን ናቸው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ የሚገዛው ቀጭኑ መርፌ ነው፤ መርፌው ከፍ ሲል ቤንዚን ይበዛል፣ ዝቅ ሲል ያንሳል። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ይረከባል። ስለዚህ «ያንቃል» ብቻ የሚል ባለቤት መካኒኩን አልረዳውም፤ በስንት እጀታ ላይ እንደሚያንቅ መናገር አለበት። እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ዋናውን ጄት ለመፈተን ሞተሩን አሙቆ፣ ረዥም ዳገት ላይ በሙሉ እጀታ ነድቶ፣ ፍሪሲዮን ይዞ ወዲያው ማጥፋትና ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። ቀለሙ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷልና ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ፍተሻው ሁልጊዜ ቤንዚን ከበዛበት ወገን ተነስቶ አንድ አንድ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል፤ ከወዲያኛው ወገን የጀመረ ሰው ፒስቶን እየከፈለ ይማራል። ጄት ታጣ ተብሎ ቀዳዳውን በመርፌ ማስፋት ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ስለሚሆን ተከታዩ መካኒክ በጨለማ ይሠራል።

አደጋው የሚጎላው ዕቃው ከደጋ ወደ ቆላ ሲሸጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚገባ የተስተካከለ ሞተር፣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 13 ኪሎ አየር ያገኝ የነበረው፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ግድም ላይ ወዳለችው ጋምቤላ ወይም ወደ ሰመራ ሲወርድ 14 ኪሎ ያልፋል። ይህ ብቻውን ሞተር አይገድልም ይሆናል። ክፍት ማርሚታና ክፍት ፊልትሮ ሲጨመርበት፣ በዚያ ሙቀት፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ሁለት ሰው ጭኖ ሲነዳ ግን ቅልቅሉ ያለጊዜው መፈንዳት ይጀምራል። የፒስቶኑ ራስ ይቀልጣል ወይም የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ይቃጠላል። ገዢው «ሸጦልኝ ጠፋ» ይላል፤ ሻጩ «ደህና አድርጌ ሰጥቼዋለሁ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወደ ቆላ የሚያሻግር ነጋዴ ከመጫኑ በፊት የፋብሪካውን ጄት ቢያስመልስ ጠቡም አይነሳም፣ ደንበኛውም አይርቅም።

በኮምፒዩተር ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህ ጣጣ በአብዛኛው የለባቸውም፤ የአየሩን ግፊት ራሳቸው ለክተው ያስተካክላሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ጥብቅ የጭስ ደረጃ ስላስገደደች ከዚያ የሚወጡት ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። በእነዚህ ላይ ማርሚታ የቀየረ ሰው ካርታ የሚባለውን የኮምፒዩተሩን የነዳጅ ሠንጠረዥ ማስለወጥ ይኖርበት ይሆናል፤ ለዚያም ጉልበት የሚለካ መሣሪያና የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። ያለ መለኪያ «አስተካክዬዋለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ግምት ነው። ማርሚታው ሲወልቅ የጭሱን የኦክስጅን መጠን የምትለካዋ ትንሽ መሣሪያ ካልተመለሰች ደግሞ ኮምፒዩተሩ በዕውር ይሠራል።

ሒሳቡን እንሥራ። በምሳሌ ብቻ እንውሰድና አንድ የዕቃ ማድረሻ ሞተር በቀን 3 ሊትር፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል፤ 900 ሊትር ነው። ጄቱን ለከፍታው በማስተካከል ከመቶ 8 ቢቆጠብ 72 ሊትር ይተርፋል፤ ለአሥር ሞተር 720 ሊትር። አንባቢ በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ አባዝቶ ከጄቱና ከመካኒኩ ሒሳብ ጋር ያስተያየው። ማርሚታውን ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ ለማስገባት ብንሞክር በገቢው በኩል የምንጽፈው አናገኝም፤ በወጪው በኩል ዋጋው፣ ሾፌሩ ድምፁን ለመስማት የሚያቃጥለው ቤንዚንና ለቦሎ ሲቀርብ የሚነሳው ጥያቄ አለ። ለመዝናኛ የሚገዛ ሰው ይግዛ፤ ደስታም ዋጋ አለው። የንግድ ዕቃ አድርጎ ማስላት ነው የማይሆነው።

የተለወጠ ሞተር የሚገዛ ሰው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዶ ይመልከት። በብርድ ያለ ቾክ ወዲያው ከተነሳ ቤንዚን በዝቶበታል። ነዳጅ ተሰጥቶት ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ ወደ ሚኒሞ የማይመለስ፣ ቁልቁለት ላይም የሚተኩስ ከሆነ ወይ አየር በዝቶበታል፣ ወይ የማርሚታው ጓርኒሲዮን አየር ያስገባል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ የፋብሪካው ማርሚታና የወጡት ጄቶች የት ናቸው? በከረጢት አድርጎ አብሮ የሚያስረክብ ሻጭ ምን እንደሠራ የሚያውቅ ነው፤ ለዚህ ሰው ጥቂት ቢጨመርለት አይከፋም። «ተጥሏል» ካለ የኦሪጅናል ማርሚታ ዋጋ ተጠይቆ ከሒሳቡ ላይ ይቀነሳል።