የፈረስን የቈዳ ሕመም ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ ማከም

የፈረስ ቈዳ ሲታመም ባላገሩ ብዙ ጊዜ «እከክ ያዘው» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል። ነገር ግን በዚህ በአንዱ ስም ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት ሕመም ይገኛል፤ መድኃኒታቸውም መከላከያቸውም ለየብቻ ነው። አንዱ በዕረፍት ይድናል፤ ሁለተኛው በመድኃኒት ይድናል፤ ሌላው ግን በጊዜ ካልታወቀ ፈረሱን ከሥራ ያወጣዋል፥ የጎረቤትንም ፈረስ ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለመንደሩ ሰው ያስረዱ ዘንድ የየአንዳንዱን ምልክት ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን።

ፈረስን ለመመርመር አስቀድሞ ኮርቻውን አውርዶ በጥሩ ብርሃን ማቆም ይገባል። ከዚያም ከራሱ ጀምሮ አንገቱን፥ ከጋማው ሥር፥ ጀርባውን፥ ደረቱን፥ የእግሮቹን ውስጥ፥ በመጨረሻም የጭራውን ሥር በመዳፍ እየዳበሱ መሄድ ነው። እብጠትና ትኵሳት ከጠጕር በታች ተሰውሮ ስለሚቆይ ዓይን ያለፈውን መዳፍ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚበዛው ገጣባ ነው። ገጣባ ከሌላ ፈረስ የሚተላለፍ በሽታ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው። ኮርቻው ሲጠብ፥ ግላሱ ሲቆሽሽ ወይም ሲሸበሸብ፥ የጋሪው ማሰሪያ ሲሻክር ቈዳውን ይፈትገዋል፥ ደሙም እንዳይዘዋወር ያግደዋል። የመጀመሪያው ምልክት ቍስል አይደለም። ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው ሁሉ በላብ ርሶ ሳለ በአንድ ስፍራ ብቻ ደረቅ ሆኖ የቀረ ምልክት ይታያል፤ ወይም ትንሽ ትኵስ እብጠት በመዳፍ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ቢያርፍ ሳይቈስል ይድናል። ባለቤቱ «ገና አልቈሰለም» ብሎ ቢጭነው ግን ቈዳው ይሞትና ይላጣል፤ ከዳነም በኋላ ብዙ ጊዜ በዚያው ስፍራ ነጭ ጠጕር ይበቅላል። በገበያ ፈረስ የሚገዛ ሰው ኮርቻ በሚያርፍበት ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ያየ እንደ ሆነ የቀድሞው ጌታ እንዴት ይይዘው እንደ ነበረ ከዚያ ያነባል።

የቈሰለውን ገጣባ ለማጠብ አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ፥ ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ማር በስሱ ቢቀቡት መልካም ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፥ የባትሪ ውሃ፥ አመድና እበት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያድነውን አዲስ ሥጋ ያቃጥላሉ፥ ያቈሽሻሉም። በቆሻሻ ቍስል መንጋጋ ቈልፍ የሚባለው ገዳይ በሽታ ይገባል፤ ፈረስም ለዚህ በሽታ ከሌሎቹ የቤት እንስሳት ይልቅ ደካማ ነው። ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ስለ ሆነ ቈዳው ገጥሞ ጠጕር እስኪሸፍነው ድረስ ኮርቻ አይጫንበት። ይህ በፈረሱ ለሚያድር ደኻ ከባድ ምክር መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም በጊዜው ያላረፈ ገጣባ እያመረቀዘ ብዙ ወር ያስቀምጣል።

እውነተኛው እከክ የሚመጣው በዓይን ለማየት ከሚያስቸግር ጥቃቅን ተባይ ነው። ፈረሱ ከግንድና ከግድግዳ ጋር ይታከካል፤ የራሱና የአንገቱ ጠጕር ይረግፋል፤ ቈዳው ይወፍራል፥ ይሸበሸባልም። በእግር ላይ የሚቀመጥ ሌላ ዓይነት አለ፤ እርሱ የያዘው ፈረስ ያለ ዕረፍት መሬቱን ይደበድባል። ቅማል ግን ጋማው ሲገለጥ ከነእንቍላሉ ከጠጕሩ ጋር ተጣብቆ ይታያል። ለሁለቱም መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ይገኛል። ልኩ በፈረሱ ክብደት ስለሚወሰን ለከብት የተዘጋጀውን በግምት መውጋት አደገኛ ነው። ከ14 ቀን በኋላም መድገም ያስፈልጋል፤ እንቍላሉ በመጀመሪያው መድኃኒት ሳይሞት ይቀርና ኋላ ይፈለፈላልና። አብረው የሚያድሩትም ፈረሶች በአንድ ቀን ይታከሙ።

ጭርት ክብ ክብ ሆኖ ጠጕሩን ያረግፋል፥ ቈዳውም አመድ የመሰለ ቅርፊት ያወጣል፤ ማሳከኩ ግን እምብዛም ነው። ይህ ወደ ሰው፥ ይልቁንም ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ የዳሰሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በክረምት ደግሞ ዝናብ የመታው ጀርባ ላይ ጠጕሩ በቅርፊት እየተጣበቀ እንደ ቡርሽ ጫፍ ይቆማል፤ ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ፈረሱን በደረቅ ስፍራ ማሳደር ነው።

አሁን እጅግ ወደሚያስፈራው ወደ ንድፍት እንመለስ። ንድፍት ከሻጋታ ወገን በሆነ ረቂቅ ተዋሕስያን የሚመጣ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2006 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው ከመቶ ወደ 19 የሚጠጉት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በሞቃትና እርጥበት ባለው አገር ይበዛል፤ በብርዳማው ደጋ ግን እምብዛም አይታይም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በእግር፥ በደረት ወይም በአንገት ላይ የሚወጣ፥ ከቈዳ ሥር የሚዳሰስ ትንሽ ጠጣር እብጠት ነው። ቀጥሎ እብጠቶቹ በአንድ ገመድ እንደ ተሰካ መቍጠሪያ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ኋላም እየፈነዱ ወፍራም መግል ያፈሳሉ። ገጣባ ማሰሪያ በነካው ስፍራ ብቻ ይወሰናል፤ ንድፍት ግን ማሰሪያ ባልነካው ላይ ሁሉ መስመሩን ይዞ ይሄዳል።

በብዙ ስፍራ እብጠቱን በጋለ ብረት መተኮስ የተለመደ ነው። ብረቱ ግን የነካውን ብቻ ያቃጥላል እንጂ ከቈዳው ሥር በመስመሩ የሚሄደውን በሽታ አያገኘውም፤ ለዝንብም አዲስ ቍስል ይከፍታል። ዝንቡም መግሉን ወደ ሌላው ፈረስ ቍስል ያደርሳል። እብጠቱ ጥቂት ሳለ ወደ ሐኪም ቢወሰድ ፖታሲየም አዮዳይድ በሚባል መድኃኒት የመዳን ተስፋ አለው፤ አካሉን ከወረሰው በኋላ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ወደ ሰው የሚተላለፍና የሚገድል ግላንደርስ የሚባል በሽታም በመልኩ ስለሚመሳሰለው፥ ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ መግሉንም በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

የታመመው ፈረስ ለብቻው ይታሰር፤ ቍስሉም ከዝንብ ይሸፈን። ልጓሙ በፈላ ውሃ ይነከር፥ ግላሱ ይቀቀል፥ ለሌላ ፈረስም አይዋስ። ተስፋ የታጣበትን ፈረስ ወደ መንገድ የሚያባርር ሰው በሽታውን ለመንደሩ ሁሉ ያከፋፍላል፤ ተዋሕስያኑ በአፈርና በጋጣ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያሉና። እንዲህ ያለውን ፈረስ ሐኪም ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው ማድረግ፥ ሬሳውንም በጥልቅ መቅበር ይገባል፤ የጠፍርና የጨርቅ ማሰሪያውም ይቃጠል እንጂ ወደ ገበያ አይውጣ።