ድል የሰው መለኪያ ነውን?

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው፣ ማለዳ ላይ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ሕፃናትን በመንገዱ ዳር ያያል። አገሩ ደጋ ነውና ብርዱ ያስሮጣል፤ መንገዱም ሩቅ ነውና መዘግየት ያስቀጣል። እነዚህን ልጆች ለማበረታታት መምህራንም ወላጆችም ደጋግመው የሚነግሯቸው አንድ ታሪክ አለ። ይኸውም በአርሲ ገጠር ተወልዶ በየቀኑ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ የዐሥር ሺህ ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ መነገሩም መልካም ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሰው ሕይወት እምብዛም የማይነገር ሌላ ምዕራፍ አለ። በዚህ ጽሑፍ ልናስተምርበት የወደድነው እርሱን ነው።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2007 በበርሊን ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። የቤጂንግ ኦሎምፒክ በተቃረበ ጊዜም ብዙው ሕዝባችን የማራቶኑን ወርቅ ከወዲሁ በእጁ እንዳለ ቈጠረው። እርሱ ግን በመጋቢት 2008 በኦሎምፒኩ ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። የአስም ሕመም አለበትና፣ በዚያች ከተማ በተበከለው አየር ውስጥ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጤናውን እንዳይጎዳው ሠግቶ ነበር። በዐሥር ሺህ ሜትር ብቻ ተሰልፎ ስድስተኛ ሆነ፤ ወርቁን ቀነኒሳ በቀለ፣ ብሩን ስለሺ ስሕን ወሰዱ። ማራቶኑን ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ አሸነፈ፤ ከእኛም ወገን ፀጋዬ ከበደ ሦስተኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከእርሱ የፈጠነ የማራቶን ሯጭ ያልነበረ ሰው፣ ሁሉ በሚጠብቀው ቀን፣ ለሳንባው ሲል ከመሮጫው መስመር ቀረ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ፈሪነት የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በሕዝብ ምኞት ፊት «አይሆንም» ማለት ከመሮጥ ይልቅ ብርታት የሚጠይቅ ይመስለናል።

በሌላውም ዓለም የዚህ ዓይነት ምሳሌ አለ። ቴኒስ በገጠራችን የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም፤ መካከል ላይ መረብ ተዘርግቶ ሁለት ተጫዋቾች በራኬት ኳስ የሚመላለሱበት፣ ዓመቱን ሙሉ ከሀገር ሀገር እየዞሩ የሚወዳደሩበት ብርቱ ሙያ ነው። አውስትራሊያዊቷ አሽሊ ባርቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የሀገሯን ታላቅ ውድድር አሸነፈች፤ በዓለምም የአንደኛነቱን ስፍራ ይዛ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ገና በ25 ዓመቷ፣ ለዚያ ደረጃ የሚያስፈልገውን ልብና ጉልበት ከእንግዲህ መስጠት እንደማትችል ተናግራ ውድድሩን ተወች። ከእርሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጃፓናዊቷ ናኦሚ ኦሳካ በፓሪሱ ውድድር የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፋ ሳለ አቋርጣ ወጣች፤ ከ2018 ጀምሮ ከድባቴ ጋር ስትታገል መቈየቷንም በግልጽ አስታወቀች።

እዚህ ላይ «እነዚህ ሰዎች ሀብት ካካበቱ በኋላ ነው ድልን የተዉት፤ የእኛ ልጅ ምን ይዞ ያርፋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነውና በቀላሉ አናልፈውም። ጎተራው በሐምሌ ባዶ ለሆነበት ገበሬ ስለ ዕረፍት ብንሰብክለት ቢታዘበን አይፈረድበትም። ሆኖም የያዝነው ነገር ሥራን ስለ መተው ሳይሆን ስለ መለኪያ ነው። ሰው የሚመዘነው በሚያመጣው ውጤት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በታላላቅ ስታዲየሞች ብቻ የሚኖር አይደለም። በድኻው ቤት እንዲያውም ይብሳል፤ በዚያ ቤት የተሸነፈው የሚጽናናበት ሌላ ነገር የለውምና።

አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሀገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ስለ ትምህርቱ ጥራትና ስለ ፈተናው የሚናገሩ ሌሎች አሉ። እኛ የምንጠይቀው ከመቶው ውስጥ ዘጠና ሰባቱ በዚያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲገቡ ምን ተባሉ የሚለውን ነው። ከቦረናና ከአማራ ሳይንት፣ ከለጋምቦና ከወግዲ ስንቷ ልጅ ውጤቷን በሰማች ማግስት፣ በቤተሰቧ ዓይን ራሷን እንደ ኪሳራ ቈጥራ ወደ ዐረብ ሀገር የሚወስዳትን ደላላ ፈለገች? ድል የሰው ልክ ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ልጆች በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ተመዝነው ቀለሉ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ይህን ሚዛን አይቀበልም።

«ታዲያ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ‹አሸንፉ› ይል የለምን?» ብለው ወጣቶች ይመልሱልናል። እውነት ነው፤ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 ከቍጥር 24 ጀምሮ ስለ ሩጫና ስለ ሽልማት ይናገራል። ቆሮንቶሳውያን ነገሩን ያውቁታል፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ጨዋታዎች ይደረጉ ነበርና። የአሸናፊው ሽልማት ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነበር፤ በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። ሐዋርያው ከሯጮቹ እንድንማር የሚፈልገው ራስን መግዛትን ነው። ስለ አክሊሉ ግን ልዩነቱን ጠብቆ ያሳያል፤ የእነርሱ ይጠፋል፣ የእኛ አይጠፋም። ከዚህም ሌላ ልዩነት አለ። በስታዲየም አንዱ ሲሸለም የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጳውሎስ በሚሮጠው ሩጫ ግን አንዱ የተቀበለው አክሊል ከሌላው አይቀነስም፤ የጌታን መገለጥ ለሚወዱ ሁሉ የተዘጋጀ መሆኑን በሁለተኛይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 4 ይመሰክራል። ባልንጀራን መቅደም የማያስፈልግበት ሩጫ ነው።

ወደ ብሉይ ኪዳንም ብንሄድ አንድ ሯጭ እናገኛለን። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ላይ ታላቅ ድል ካደረገ በኋላ ወገቡን ታጥቆ ከአክዓብ ሠረገላ ፊት ፊት እስከ ኢይዝራኤል ሮጠ (1ነገ. 18፥46)። ከዚህ የሚበልጥ የድል ቀን ለማን ተሰጥቶታል? ነገር ግን ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ይኸው ሰው የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ፣ በምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዞ፣ ከአንድ ቍጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ሞትን ሲለምን እናገኘዋለን። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያን ቍጥቋጦ ክትክታ ይለዋል፤ በየኮረብታችን የሚበቅለውን ክትክታ የሚያውቅ ሰው ጥላው እንዴት ያለ ስስ እንደሆነ አይጠፋውም። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት ለኤልያስ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። የትናንቱንም ድል አላስታወሰውም። መልአኩን ልኮ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ይበዛበታልና እንደገና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ በኮሬብ ነው። አስቀድሞ እንጀራ፣ እንቅልፍ፣ ሌላም እንጀራ። መምህራን ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ በደከመ ልጅ ላይ ምክር ከመጫን በፊት መብላቱንና መተኛቱን መጠየቅ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነውና።

ቤተ ክርስቲያን ስፖርትን አትንቅም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ራሳቸው በወጣትነታቸው ግብ ጠባቂ ነበሩ፤ በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. የስፖርተኞችን ኢዮቤልዩ በሮም የኦሎምፒክ ስታዲየም ቅዳሴ አሳርገው አክብረዋል። በሌላ በኩል ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2289 የሰውነት ሕይወት ሊከበር እንደሚገባ እያስተማረ፣ አካልንና የስፖርት ድልን ወደ ጣዖትነት ከፍ ማድረግን ይነቅፋል። ጣዖት የሚለውን ቃል በቀላሉ አንመልከተው። ጣዖት መሥዋዕት ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠይቀው ልጆችን ነው።

ይህን ስናስተምር ግን አንድ ስሕተት ሊያጋጥመን ይችላል። ኃይሌ በቤጂንግ ከሮጠ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 28 ቀን 2008፣ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ። አንዳንድ መምህር ይህን አንሥቶ «አያችሁ፣ ያረፈ ሰው የበለጠ ያሸንፋል» ማለት ይቃጣው ይሆናል። እንዲህ ካልን ግን የቀደመውን ጣዖት በሌላ በር መልሰን አስገባነው። ለማሸነፍ ብቻ የሚያርፍ ሰው ያው የድል አገልጋይ ነው። ኃይሌ በበርሊን ባይሳካለትም ኖሮ ጤናውን መጠበቁ ትክክል ነበር።

ስለዚህ ለትምህርታችን የጥሩነሽ ዲባባ ታሪክ ይሻላል። ጥሩነሽ በ2008 በቤጂንግ የአምስት ሺህና የዐሥር ሺህ፣ በ2012 በለንደን የዐሥር ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታ በዝናዋ ላይ ሳለች፣ ከውድድር ርቃ በ2015 ወንድ ልጅ ወለደች። በነሐሴ 2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ተመልሳ ዐሥር ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ከ56 መቶኛ ሴኮንድ ጨረሰች። በሕይወቷ ሙሉ ከዚያ በፊት እንዲህ ፈጥና ሮጣ አታውቅም፤ ሁለት ወርቅ ባገኘችበት ርቀት እንኳ። ሆኖም አልማዝ አያና በ29 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ ስለ ነበር፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ሆነች። ወርቅ ካገኘችበት ቀን ይልቅ በተሸነፈችበት ቀን የተሻለች ሯጭ ነበረች፤ እናትም ነበረች። በሜዳሊያው ቀለም ብቻ የሚመለከት ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የደጋው ገበሬ ስለ ዕረፍት ከእኛ መማር አያስፈልገውም፤ በሰንበት በሬ አይጠምድም፤ በበዓላቱም ቀንበሩን ይሰቅላል። ያለ ዕረፍት የታረሰ በሬ ጫንቃው እንደሚላጥ፣ ያለ ዕረፍት የተዘራ መሬትም እንደሚነጥፍ ያውቃል። የኦሪት ሕግ በሬውንና አህያውን ሲያሳርፍ ግን ከእነርሱ አስቀድሞ ወንድና ሴት ልጅን፣ ሎሌንና ገረድን ይጠራል (ዘዳ. 5፥14)። በሰንበት በሬው ቆሞ ሲያመነዥግ ልጅቷ እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ እናትም ከቅዳሴ ተመልሳ ምድጃው ፊት ትቀመጣለች። ይህን የምንለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ነውና። ነገር ግን በሬው ካረፈ ልጅቷም እንድታርፍ፣ ወንድሟ ውኃውን ቢቀዳ፣ አባት እንጨቱን ቢሸከም፣ ሕጉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተፈጸመ እንላለን። ጌታም ሐዋርያቱ ከስብከት ተመልሰው የሠሩትን ሲነግሩት፣ ተጨማሪ ሥራ አልሰጣቸውም፤ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው (ማር. 6፥31)።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ትምህርት ለወጣቶች ስታቀርቡ በጥሩነሽ ታሪክ ብትጀምሩ መልካም ነው። በመጀመሪያ «በሪዮ አሸነፈች ወይስ ተሸነፈች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩ፤ የእናንተን ሐሳብ አትቸኩሉበት። ቀጥሎ የኤልያስን ምዕራፍ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብ። ወላጆች በተገኙበት ጉባኤ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ በዚህ ባለፈው ሰንበት በቤታችሁ ያላረፈው ማን ነበር? ከዚህ ጥያቄ በኋላ ዝምታ ይሆናል። መምህሩ ዝምታውን በራሱ ንግግር ለመሙላት አይቸኩል፤ ከእናቶች አንዲቱ እስክትናገር ይጠብቅ።