ስድስተኛው የፌርማ ቁጥር

ምንባብ

ከ1 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ለ1ና ለራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 15 ግን ለ3ና ለ5 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም። ትንንሾቹን ቁጥሮች እንዲህ መለየት ቀላል ነው። ቁጥሩ አሥር አኀዝ ሲኖረው ግን ሥራው እጅግ ይከብዳል።

ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ፣ በቱሉዝ ከተማ በሕግ ሥራ እየተዳደረ ሒሳብን የሚመራመር ሊቅ ነበር። ከ2 ተነሥተን የምናገኘውን ውጤት ሁሉ በራሱ ብናባዛ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እናገኛለን። በእያንዳንዱ ላይ 1 ሲደመር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ይሆናል። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፌርማ ይህን ተመልክቶ የሚከተሉትም ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ ማመኑን እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤ ገለጸ፤ ማረጋገጫ ግን አላቀረበም።

ስድስተኛው ቁጥር 4,294,967,297 ነው። ይህ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ከሁለቱ ትንሹ ከ65,536 አይበልጥም። ከዚህ በታች ግን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። እነዚህን ሁሉ በእጅ እያካፈሉ መሞከር ትዕግሥትን የሚፈታተን ድካም ነው።

በስዊስ አገር ተወልዶ በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አስታወቀ። ቆይቶም ምክንያቱን አስረዳ፤ የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከትንሹ ጀምሮ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አራቱ ቀሪ ይተዋሉ፤ አምስተኛው ግን ድርሻውን 6,700,417 አድርጎ በትክክል ያካፍላል። ይህን የሚጠራጠር ተማሪ ሁለቱን አባዝቶ ውጤቱን ማየት ይችላል።

እንግዲህ አምስት ምስክሮች ተስማምተው ያጸኑትን ግምት አንድ ስድስተኛ አፈረሰው። በሒሳብ የምሳሌ ብዛትም ሆነ የተናጋሪው ዝና ማረጋገጫን አይተካም። ይህ ማስጠንቀቂያ በተቃራኒውም ወገን ይሠራል። ከአምስቱ በቀር ሌላ ብቸኛ የፌርማ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ጨርሶ አለመኖሩን ያረጋገጠ ሰው ግን ገና የለም።

ጥያቄዎች

1. ፌርማ ግምቱን የመሠረተው በምን ላይ ነበር?
2. ኦይለር 6,542ቱን ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያላስፈለገው ለምንድን ነው?
3. «አምስት ምስክሮች» የተባሉት እነማን ናቸው? ለምን እንዲህ ተባሉ?
4. በሰዎች ኑሮ ከጥቂት ምሳሌዎች ተነሥቶ የሚሰጥ የችኮላ ፍርድ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።