ትንሹ ግፊት ትልቁን እንዴት ያዝዛል፦ ስለ ፓይለት ሃይድሮሊክ አሠራር ለመለዋወጫ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በጎጃም፣ በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ ግድብ ከ80 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል፤ የታቀደውም 7,000 ሄክታር ያህል እርሻ እንዲያጠጣ ነው። ውሃውን ወደ ማሳ የሚመራው ሰው ግን ውሃውን በገዛ ጉልበቱ አይገፋም፤ የቦዩን በር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ። ጉልበቱ የውሃው ሲሆን ትእዛዙ የሰውየው ነው። እንዲህ ያለውን ግድብና ቦይ የሚቆፍሩት ከባድ መኪናዎችም የሚታዘዙት በዚሁ ዘዴ ነው።

ኤክስካቫተር አፈር የሚቆፍረው ሞተሩ የሚያዞረው ዋና ፓምፕ ዘይትን ወደ ሲሊንደሮች በመግፋት ነው። የዚህ ዘይት ግፊት በብዙዎቹ መኪናዎች 300 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በቀድሞው አሠራር ኦፕሬተሩ የቫልቩን ዘንግ በብረት ማያያዣ አማካይነት በራሱ ክንድ ይስብ ስለ ነበር ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ትንሽ ፓምፕ ተጨመረ። ይህ ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ባር ብቻ ነው። ሥራውም ማዘዝ እንጂ መቆፈር ስላልሆነ ፓይለት፣ ማለት መሪ፣ ተባለ።

የትእዛዙ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። ኦፕሬተሩ በጋቢናው ውስጥ ያለውን እጀታ ሲገፋ ከእጀታው በታች ያለው ትንሽ ቫልቭ ይከፈታል፤ በተገፋው መጠንም መሪውን ዘይት በቀጭን ቱቦ ይልካል። ይህ ዘይት በዋናው ቫልቭ ውስጥ ስፑል የተባለውን ተንሸራታች ዘንግ ጫፍ ይገፋል፤ ስፑሉም የራሱን ሞላ አሸንፎ ይንቀሳቀስና ለኃይለኛው ዘይት በር ይከፍታል። እጀታው በጥቂቱ ቢገፋ በሩ በጥቂቱ ይከፈታል፤ እጀታው ሲለቀቅ ሞላው ስፑሉን ወደ ቦታው ይመልሳል። የጥበቃ መቆለፊያው ሲዘጋም የሚቋረጠው መሪው ዘይት ስለሆነ፣ እጀታው በስሕተት ቢነካ እንኳ ክንዱ አይንቀሳቀስም።

ነጋዴውን የሚመለከተው ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል። የመሪው ዘይት ግፊት ሲቀንስ ስፑሉ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ በሩም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። በዚህ ጊዜ ዋናው ፓምፕ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም መኪናው ይዘገያል። ምልክቱ የፓምፕ ድካም ስለሚመስል ባለንብረቱ በውድ የውጭ ምንዛሪ አዲስ ፓምፕ ያዝዛል፤ ዕቃው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ከተገጠመም በኋላ መኪናው እንደ ቀድሞው ይዘገያል። እውነተኛው ምክንያት የተደፈነ የፓይለት ፊልትሮ ወይም የደከመ የግፊት መቆጣጠሪያ ሞላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዋና ፓምፕ ከመታዘዙ በፊት የመሪው ዘይት ግፊት በማኖሜትር ተለክቶ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መነጻጸር ይገባዋል። የዘገየው አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ከሆነ የዚያ እንቅስቃሴ ቱቦ፣ የእጀታ ቫልቭና ስፑል አስቀድመው ይመርመሩ። ሁሉም በአንድነት ከዘገዩ ግን የፓይለቱ ፊልትሮና ግፊት ቀድሞ ይታይ፤ ግፊቱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ በኋላ ወደ ዋናው ፓምፕ ይታለፋል።

በስፑልና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ጠጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለሆነ የዚህ አሠራር ዋና ጠላቱ ቆሻሻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ አቧራ ላይ የቆየ የዘይት በርሜል፣ ወይም ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት የነጣ ዘይት፣ በርካሽ ቢገዛም ዋጋው ውድ ነው። ባለሱቁ ፊልትሮውን በመልኩ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩና በመኪናው ሞዴል ይሽጥ። አስመጪውም ሞዴሉንና የሻንሲውን ቁጥር ሳይዝ አይዘዝ፤ በአዳዲሶቹ መኪናዎች እጀታው ትእዛዙን በኤሌክትሪክ የሚልክበት አሠራር ስላለ አንዱ ዕቃ በሌላው አይተካም። ከሁሉ ይልቅ ለፓይለት የተሠራ ቱቦ ለዋናው መስመር ፈጽሞ መሸጥ የለበትም፤ በ40 ባር የሚያገለግል ቱቦ በ300 ባር ቢፈነዳ ሰው ይገድላል።

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በቆሎና በርበሬ የሚጭነው ነጋዴም ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። መንገድ የሚጠገነው ከክረምት በፊት ባሉት ጥቂት የበጋ ወራት ነው፤ በእነዚህ ወራት የቆመ መኪና የመንገዱን ሥራ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ያሳልፈዋል፤ እህሉም በጭቃ ይያዛል። በአቅራቢያው ባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ በጊዜ የተገኘ አንድ ፊልትሮ ይህን ሁሉ ጉዳት ሊያስቀር ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለመለዋወጫ ንግድም ይሠራል።